የእማማ ዘነበች ማገዶ ቤት ሙዚየም የሆነ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ማሙሽ ሊጠይቀኝ መጣ። መጠሪያው ሌላ ነው፤ እኛ ቤት ግን መላጣው ከወጣ በኋላም ማሙሽ ነው። ምሳ በልተን እንዳበቃን ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፁን ከፍ አደረገው። ዜናው ስለ አንድ ሩቅ አገር መሪ ነው። ሰውየው ተማሪ ሳለ ተከራይቶ የኖረባቸው ሁለት ክፍሎች ታድሰው ሙዚየም ሆነዋል። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መብራቱ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ተመልሷል፤ ጎብኚው ከገመድ ወዲህ ቆሞ ያያል። አንዲት ዘናጭ ሴትዮ "እያንዳንዱ ዕቃ በጥንቃቄ ተጣርቶ ነው የተቀመጠው" ስትል ሳቅ አፈነኝ። አፌን በነጠላዬ ብይዘው አልሆነም፤ ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ እንባ ሄደ።

"ምን ሆንሽ አንቺ?" አለ ማሙሽ ደንግጦ።

"ተጣርቶ ነው አለች እኮ!"

ወዲያው ገባው። የኛን ግቢ ሙዚየም ታሪክ ከእናታችን በቁራጭ በቁራጭ ሰምቶታል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ነግሮት አያውቅም። በጊዜው እሱ የሚጠባ ሕፃን ነበር። እንግዲያው ዛሬ ልንገርህ ብዬ ጀመርኩለት።

ያኔ የምንኖረው ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ፣ አራት አባወራ በሚኖርበት የጭቃ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የእማማ ዘነበች ነበር። ነበር ያልኩት ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የሚኖሩባት ክፍልና ከጓሮ ያለችው ማገዶ ቤት ብቻ ስለቀረችላቸው ነው። ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። ቤቱን ወረሷቸው እንጂ ግቢውን ማዘዛቸውን ማን ሊወርስባቸው! ማን ልብስ የት እንደሚያሰጣ፣ የማን ዶሮ የት እንደምታድር የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ምላሳቸው ስለት ነው፤ እጃቸው ግን ለሁሉም ይዘረጋል።

ይግረማችሁና ቤታቸውን ከወረሱት ትልልቅ ሰዎች አንዱ የራሳቸው የድሮ ተከራይ ነበር። ስሙን አልጠራም። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ስሙን ሳያነሳ አይውልም ነበር። ተማሪ ሳለ ከክፍለ ሀገር መጥቶ እማማ ዘነበች ጋ ነው የተከራየው። እሳቸውም መወረሳቸውን እየረገሙ በሰውየው ግን ይኮሩ ነበር። ለስኳር ሰልፍ ሲቆሙ ከፊትም ከኋላም ያለው ሰው "እሱ እኮ የኔ ልጅ ማለት ነው፤ ሽሮዬን በልቶ ነው ሰው የሆነ" የሚለውን ሳይሰማ ስኳሩን ይዞ አይመለስም። ይኖርባት የነበረችው ክፍል የትኛዋ እንደሆነች ግቢው ሁሉ ያውቃል። የኛ ክፍል ነበረች።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ከዘመተ ወራት አልፈው ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና ቀረች። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ስለዚህ ማሙሽ ሲወለድ እንደ ስለት ልጅ ነው የታየው። ምጡ ከብዶባት ከሆስፒታል ስትመለስ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፣ ደግፈን ነው ያስገባናት። ነሐሴ ነው፤ ግቢው ጭቃ፣ ግድግዳው እርጥብ። እማማ ዘነበች በየማለዳው ገንፎውን አገንፍተው፣ መሃሉን በቂቤና በበርበሬ ሞልተው ያመጣሉ። "ብይ ተዋቡ፣ ደም ይተካልሻል" እያሉ ከጎኗ አይነሱም።

አንድ ጧት የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሽፈራው ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ ሲናገር እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ሰው ነው። እኔ በራችን ላይ የማሙሽን ጨርቅ የያዘ ሳፋ ተሸክሜ ቆሜያለሁ።

"እማማ ዘነበች፣ ጓዳችን ተማሪ ሳሉ የኖሩት እዚህ ነው ሲሉ ሰማን።"

"እንዴታ!" አሉ እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው። "ታዲያ የት ሊኖር ኖሯል?"

"ክፍሏ ለአብዮት በዓል ታድሳ ሙዚየም ትሆናለች። ተማሪ ሳሉ እንደነበረች እንመልሳታለን። አሁን የሚኖርባት ሰው በዚህ ሳምንት ይለቅቅና ወደፊት ቦታ ይፈለግለታል።"

"ወደፊት ይፈለግለታል" ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ዘመን ሰው ጠይቁ። የተፈለገለት ብዙ ነበር፤ የተገኘለት ግን አላየሁም። አራስ እናቴን ይዤ የት ልገባ ነው? አባቴስ ቢመለስ የት ብሎ ያገኘናል? የሚያውቀው አድራሻ ይህቺው ክፍል ናት።

እማማ ዘነበች ወደ እኛ በር መጋረጃ ዞር አሉ። ለሳምንታት ሰልፍ ላይ ሲያወሩት የከረሙት ወሬ ምን ይዞ እንደመጣ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣

"ሰው እንኳ የለባትም" አሉ። "ያለባት ማገዶ ነው።"

"የቷ ናት?"

"ያቻትና፣ ከጓሮ።"

ጓድ ሽፈራው አንገቱን አስግጎ አየ። "ይቺ ማገዶ ቤት አይደለችም እንዴ?"

"አሁን ነዋ ማገዶ ቤት የሆነችው። ያኔ ለደሃ ተማሪ ቤተ መንግሥት ነበረች። ምነው፣ የሰፊው ሕዝብ ልጅ በቪላ እንዲኖር ፈልገህ ኖሯል?"

"ኧረ በፍጹም!" አለ ጓድ ሽፈራው ተሽቀዳድሞ። ግራና ቀኝ አየና፣ "እንዲያውም የጊዜውን ጭቆና ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች" አለ።

ያም ሆኖ ምስክር ፈለገ። ከበሩ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድር የሰው ድምፅ ሰምተው ብቅ ብለው ነበር። ወሎዬ ናቸው፤ ሚዛን ላይ ጣታቸው የማያርፍ፣ ውሸት የሚባል ነገር የማይወዱ ሰው። "እርስዎስ ያስታውሳሉ?" ሲላቸው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የያዝኩትን ሳፋ አዩ።

"ያ ልጅ ማታ ማታ የኩራዝ ጋዝ ከኔ ይገዛ ነበር" አሉ። "ገዝቶም ወደዚሁ ግቢ ነበር የሚገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።"

ለጓድ ሽፈራው ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ጋሽ ከድር አንዲት ቃል ሳይዋሹ ቤታችንን አተረፉልን፤ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሠርግ ቤት ነበር ብል ይሻላል። ማገዶው ወጥቶ በየበረንዳችን ተከመረ፤ ዶሮዎቹ ተሰደዱ። ግድግዳው እንደገና በጭቃ ተመረገ፤ የዱቄት ሙጫ ተበጥብጦ አሮጌ ጋዜጣ ተለጠፈበት። የሽቦ አልጋ ከአንዱ ዘበኛ ተዋሱ። ኩራዝ ከጋሽ ከድር ሱቅ አዲስ ተገዝቶ፣ ያረጀ እንዲመስል ጭስ ላይ ተይዞ ጠቆረ። ጓድ ሽፈራው በየዕቃው ዙሪያ እማማ ዘነበችን ያማክራል፤ እሳቸውም ኖሮ የማያውቀውን ኑሮ ሳያቅማሙ ይተርኩለታል። በቀያይ መጻሕፍት ላይ ብቻ ተጣሉ። እሱ መደርደሪያ ሙሉ ይደርደር አለ። "ያ ልጅ የነበረው አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ነው፣ እሱንም ተውሶ!" አሉ እማማ። በመጨረሻ በሦስት ተስማሙ። ጽሑፌ ያምራል ተብሎ መግለጫዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ጓድ ያጠኑበት የነበረ ኩራዝ" ብዬ በካርቶን ላይ ስጽፍ ጥላሸቱ ገና እጅ ያቆሽሽ ነበር።

ሁሉም ነገር አልቆ እፎይ ባልንበት ቀን ጓድ ሽፈራው እየበረረ መጣ። "ደስ ይበላችሁ! ሙዚየሙን መርቀው የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው!"

ጉዳችን ፈላ! ሬዲዮ ቢዋሽም ሰው የኖረበትን ቤት ይረሳል? በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይታሰር ነበር። እማማ ዘነበች ገንፎውን ይዘው ገቡ። እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሯቸው። እኔ እወጣለሁ። በኔ ምክንያት ሰው አይታሰር።"

"የት ነው የምትወጪው? አራስ ሜዳ ላይ ወጥታ ምች ይምታት?" አሉ በቁጣ። ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። "በገዛ አፌ ነው ያመጣሁብሽ ልጄ። ይምጣና እኔን ይሰረኝ። ደግሞ ተከራዬ ነው፤ ሊያስረኝ ቢመጣ እንኳ ጫማውን ሳይጠርግ አይገባም።"

እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። ገንፎውንም በላች።

ቀኑ ደረሰ። መስከረም ጠብቶ ነበር፤ ከአጥር ጥግ አደይ አበባው ወጥቷል። ቀበሌው በሙሉ ተሰልፏል፣ የኪነት ቡድኑ ያጨበጭባል፣ ላንድሮቨሮች ጭቃውን እየረጩ መጡ። ሰውየው ወረደ። ከፎቶው አጠር ያለ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነበር። ጓድ ሽፈራው አጎንብሶ ወደ ጓሮ መንገድ ሲያሳየው እሱ ግን አላየውም። እግሩ ራሱ አውቆ ወሰደው። የውሃ መውረጃ ቦዩን ልክ በጠባቡ በኩል ተሻገረና ወደ እኛ በር ቀጥ ብሎ ሄደ። ደርሶም እጁን ወደ መቃኑ አናት ሰደደ፤ ተማሪ ሳለ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እዚያ ኖሯል። ጭብጨባው ቆመ። እማማ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ይሄኔ ከውስጥ ማሙሽ አለቀሰ። የአራስ ልጅ ለቅሶ፣ ቀጭን፣ ግን የማይበርድ። ሰውየው እጁን ሳያወርድ ቆመ። የገንፎው ቂቤ ሽታ በመጋረጃው ሥር ይወጣል። ገመዱ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አየ፤ ከዚያ ዞሮ እማማ ዘነበችን አያቸው። ተያዩ።

"ጓድ፣ ክፍሉ በዚህ በኩል ነው" አለ ጓድ ሽፈራው ላብ አጥምቆት።

"አዎ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። "በዚያ በኩል ነው።"

አንገቱን ደፍቶ ማገዶ ቤቷ ገባ። አልጋውን ዳሰሰ፤ ኩራዙን አንስቶ "ዓይኔን ያደከመው ይኼ ነው" አለ። ተጨበጨበ። "ክረምት ክረምት ደግሞ ጣሪያው ያፈስብኝ ነበር" ሲል እማማ ዘነበች አላስቻላቸውም።

"ምን ያፈሳል! የኔ ቤት አፍሶ አያውቅም!"

አለቅን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውየው ግን ከልቡ ሳቀ። ሲስቅ ተማሪነቱ ፊቱ ላይ ታየኝ። "እውነትዎን ነው እማማ፣ አያፈስም ነበር" አለ።

ሲመለስ በበራችን በኩል አለፈ። አጃቢዎቹ ሁለት እርምጃ ቀድመውት ነበር። መጋረጃው አጠገብ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ፤ እኔና እናቴ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለ።

የማርያምን ስም መጥራት ኋላ ቀርነት ነው እየተባለ በየስብሰባው በሚነገርበት ዘመን! እናቴ ከውስጥ "አሜን" አለች። እሱም ኮፍያውን መልሶ ወደ መኪናው ሄደ።

የሰውየውን ሌላ ሥራ የምመዝነው እኔ አይደለሁም። በዚያ ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ከኛው ሰፈር ነበሩ፤ እነሱ ሲረግሙት ተከራክሬ አላውቅም፣ አልከራከርምም። ያየሁትን ግን አየሁ፤ ለዚያች ቀንም ማመስገኔን አልደብቅም።

አባቴ የተመለሰው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ቆስሎ ረጅም ጊዜ ተኝቷል፤ ከላክንለት ደብዳቤ አንዱም አልደረሰውም። ልጅ መወለዱን እንኳ አያውቅም። በክራንች እየተደገፈ፣ ማንንም ሳይጠይቅ መጥቶ መጋረጃውን ገለጠ። እናቴ ማሙሽን እያጠባች ነበር። እማማ ዘነበች በራቸው ላይ ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጋሽ ከድርም ሱቃቸውን ከፍተው ትተው ሮጠው መጡ። ያኔ ቤታችንን ለቅቀን ቢሆን ኖሮ አባቴ በክራንቹ አዲስ አበባን ሲዞር ይኖር ነበር እያልኩ ዛሬም ድረስ አስባለሁ።

ማሙሽ ቴሌቪዥኑን ከዘጋው ቆይቷል። ዝናቡም አባርቶ ነበር።

"ባላለቅስ ኖሮስ?" አለኝ በመጨረሻ።

"እማማ ዘነበች ገብተው ቆንጥጠው ያስለቅሱህ ነበራ!"

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

"ነፍሳቸውን ይማር" አለ። "የሁሉንም።"

"አሜን" አልኩ።