በር ላይ የተቀመሰ ምሳ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ጸጉሬን እየተሠራሁ ነበር። ግራው ተሹርቦ አልቋል፤ ቀኙ ገና አልተነካም። ሦስት ሆነው ገቡ። አንደኛው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስሜን ከነአያቴ አነበበ። ጓደኛዬ ሚዶዋን እንደያዘች ብድግ አለችና፣ «ይችን ጎን ልጨርስላትና ትወስዷታላችሁ» አለቻቸው። የምሯን ነበር። አንዱ ሊስቅ ዳዳውና አለቃውን አይቶ ተወው። ሻሽ አስሬ ወጣሁ።

ጥፋቴ አንዲት ጥያቄ ናት። ከምርጫው በኋላ በተጠራ የመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ «ከትምህርት ቤታችን የተወሰዱት ልጆች የት ናቸው?» ብዬ ነበር። ሰብሳቢው «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እኔ ሞኟ ሊመልስልኝ የጻፈው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

የታሰርንበት ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ነቀዝ የበላው ማሽላ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በግንቡና በቆርቆሮው መካከል ካለች ስንጥቅ ነው። ነሐሴ ስለነበር ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ እየጮኸ መነጋገር አያስችልም። በሴቶቹ ክፍል ያገኘሁት ሰው ደሃና ከሚባል ወረዳ የመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ልጃቸው ጠፍቶባቸው በእሱ ፈንታ ተይዘዋል። «እሱ እስኪመጣ አንቺ ቆዪ አሉኝ» አሉኝ። ሲጸልዩ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና ስለሆነ ቃሉ አይገባኝም፤ የሚለምኑት ግን ልጃቸው እንዳይመጣ መሆኑን ራሳቸው ነግረውኛል። በማግስቱ ሻሼን ሳወልቅ ግማሹን ጸጉሬን አዩ። ጎተት አድርገው ጉልበታቸው ሥር አስቀመጡኝና ቀኙን ሠሩት። ግራዬ የአስመራ፣ ቀኜ የዋግ ሆነ።

አስመራ ያልኩት በጓደኛዬ ነው። የዋግ ከተማ ሰቆጣ ላይ እሷም እኔም እንግዳ ነን። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። እሷ ተወልዳ ያደገችው አስመራ ነው፤ አባቷ ግን የዋግ ሰው ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር «ወደ አባትሽ አገር» ብለው በአንድ ሻንጣ አስወጧት። አባትየው ከሞተ ቆይቷል፤ በአባቷ አገር የሚያውቃት አንድም ሰው አልነበረም። የአምስት ዓመት ሴት ልጇ እዚያው አስመራ ከልጅቷ አባት ጋር ቀረች። ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ።

አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሷ በእጇ ሹራብ እየሠራች ትሸጣለች፤ በዚያ ብርድ ገበያ አጥታ አታውቅም። መጀመሪያ የተግባባነው ታምሜ በተኛሁበት ጊዜ ነው። በሩን ገፍታ ገባችና ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ «እዚህ ለለቅሶ የሚበቃ ሰው የለሽም። እኔ ብቻዬን ደግሞ አልችለውም። ስለዚህ አሁን መሞት አይሆንልሽም፤ ተነሽ» አለችኝ። አጥሚት አጠጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት እሳታችን አንድ፣ ማዕዳችን አንድ ሆነ። «ሓፍተይ» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው።

ያን ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ሲል ስለት ተሳለች። አስራ አምስቱንም ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም ሳትቀምስ ልትጾም፣ እመቤታችን ደግሞ የልጇን ድምፅ፣ ድምፅዋን ብቻ፣ ልታሰማት። «ብዙ አልጠየቅኋትም እኮ» አለችኝ። እኔን ጨጓራዬ ስለማያስጾመኝ በሌለሁበት ጉዳይ አስተያየት አልሰጠሁም። የያዙኝ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።

መጋዘኑ እስረኛ አያበላም። ዘመድ ያለው ይመጣለታል፤ የሌለው ከባለ ዘመድ ይጋራል። ስንቅ የሚገባው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻ ነው። እሷን ማየት ባይፈቀድልኝም ምሳ ዕቃዬ በየቀኑ ከች ይል ነበር፤ ሽሮው ለጨጓራዬ ሲባል በርበሬው የቀነሰ። እንጀራው ግን ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ተቆርሷል። ተረኛው ፖሊስ የሚሰርቀኝ መስሎኝ በሆዴ እሰድበው ነበር።

በአምስተኛው ቀን አሮጊቷ ግቢውን ሊጠርጉ ወጥተው ሲመለሱ ምሳ ዕቃውን ራሳቸው ይዘውልኝ ገቡ። አስቀመጡትና አልነሳ አሉ።

«አንች ልጅ፣ ይችን የምታመጣልሽ ሴት ጾመኛ ናት?»

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«ፖሊሱ ቅመሽ ይላታል። መርዝ ቢኖርስ ነው ነገሩ። እሷም ታማትባለች፣ ከጥጉ ትቆርሳለች፣ ትውጣለች። ከዚያ ዘወር ብላ ታለቅሳለች። አፍሽን ክፈች ብሎም አየ፣ መዋጧን።»

የተቆረሰችውን ጥግ አየኋት። አንድ ጉርሻ አትሞላም። አምስት ቀን ሙሉ እሷ የስለቷን ጾም እኔ የታሰርኩበት በር ላይ ስትገድፍ፣ እኔ ደግሞ ውስጥ ተቀምጬ ስበላ ነበር።

ተረኛውን ጠራሁት። ደግ ቢጤ ነበር፤ ቲቸር ይለኛል።

«እሷ ትጾማለች። እኔው ልቅመሰው፤ መርዝም ካለው ልሙት።»

«ቲቸር፣ እንዳትሞቺ እኮ ነው የሚቀመሰው።»

«እንግዲያው ከጾሙ በኋላ ነይ ብላሻለች በላት።»

«መልእክት ክልክል ነው። ምግብ መቀበልና ምግብ መመለስ ነው የኔ ሥራ።»

«ነገ ሳትቀምሰው መልስላት።»

አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ። «ተይ። በግድ የተገደፈ ጾም አይቆጠርባትም። ምግቧን አትመልሽባት» አሉ። አልሰማኋቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ስወስን እጽናናለሁ፤ ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ሰባት ዓመት አብራኝ ኖራ ይህን እንዴት አትረዳውም አልኩ። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ተመለሰላት። ከግንቡ ወዲያ ድምፅ ቢመጣ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር የሰማሁት ቆርቆሮውን ብቻ ነው። የአገራቸው ሰዎች በገበያ ቀን ለአሮጊቷ ከሚያስገቡላቸው ቆሎ አንድ እፍኝ ቆረጠምኩ። ሆዴ ተቃጠለ፤ ልቤ ግን ኮራ ብሎ ነበር።

ከወንዶቹ ክፍል በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ተወስደዋል። መኪናው ንጋት ላይ ሲነሳ እኛም ሰምተናል። የት እንደሄዱ ለሚስቶቻቸው የነገረ የለም። ስድስት ሰዓት ላይ ስንቅ ይዘው መጡ፤ ስንቁ ተመለሰባቸው፤ በቃ። በዚያ በር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ የተመለሰ ምሳ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ያላሰብኩት። ታሪክ አስተማሪ ነኝ እኮ።

በሚቀጥለው ቀን አልመጣችም። ገብቷታል አልኩ። ጾሙ ተፈታ፣ አልመጣችም። ዘመን ተለወጠ፣ አልመጣችም። መስከረም ውስጥ «ዋስ ያለው ይውጣ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ የሷን ስም አስጻፍኩ። ፖሊሱ ሄዶ ተመለሰና «በተባለው ቤት የለችም» አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼን ስም አስጻፍኩ፤ አንዱ መስክ ላይ ነው፣ አንዷ ታማለች። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። የዚያን ቀን ግን ግንቡ ላይ ፊቴን አድርጌ አለቀስኩ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አልብሰውኝ እስኪወጣልኝ ጠበቁ። እስከ ኅዳር ድረስ የእሳቸውን ቆሎ በላሁ። ዋስ ሳይጠይቁ የለቀቁኝ ቀን «ልጅሽ አይምጣ» እንድላቸው ጠየቁኝ። «ልጅዎ አይምጣ እማማ» ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ የሷ ክፍል ሌላ ሰው ገብቶበታል። የቤታችን ባለቤት ስታየኝ ጮኸች፤ የሞተ ሰው ያየች መስሏታል። ተረጋግታ የነገረችኝ ይህ ነው።

ያን ቀን ጓደኛዬ ዝናብ እየደበደባት ምሳ ዕቃውን እንደታቀፈች ገባች። «ወስደዋታል» አለች። የሠራቻቸውን ሹራቦች ሁሉ በአገኘችው ሸጠች። ደሴ ነው የሚወስዷቸው የሚል ወሬ ነበርና በነጋታው ወደ ወልድያ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣች።

«ጾምሽንስ? ስለትሽን መንገድ ላይ ልትተዪው ነው? አልኳት» አለችኝ የቤቱ ባለቤት። «አልተወውም፣ አዙሬዋለሁ አለችኝ። ከዛሬ ጀምሮ የምጾመው ለእሷ ነው፤ ልጄስ አባት አላት፣ ለዚች ግን ማን አላት? አለችኝ።»

ደሴ ሄጄ ፈልጌያለሁ። እኔ ገና ሳልፈታ በጥቅምት ከአንድ እስር ቤት በር ምሳ ዕቃ ይዛ ከሰልፍ ስትመለስ ያዩ ሴቶች አገኘሁ። በየቀኑ ትመጣ ነበር፣ «እንዲህ ያለች እስረኛ የለችም» ሲሏት ምግቡን ለሌላ እስረኛ ሰጥታ ትሄድ ነበር አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ሱዳን ገብታለች ያለኝ አለ፤ አረብ አገር ያለኝም አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ድንበሩ ተከፈተ ሲባል በዛላምበሳ ከሚመጣው ሰው መካከል ሁለት ቀን ቆሜ ፊት ሳይ ዋልኩ። መልሶ ተዘጋ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ አገሬ ገብቻለሁ። ሰው እስር ቤት ምን አደረጉሽ ሲለኝ የማወራለት አጣለሁ፤ አልተመታሁም፣ አልተሰደብኩም። ስለቷ ደርሷል፤ እኔ ወጥቻለሁ። ልጇ ዛሬ ሠላሳውን ያለፈች ሴት ናት። እናቷ የተሳለችላትን ማን እንደወሰደባት አታውቅም።