ጋሽ ታደሰና የዶሮቲ ቢራ

ከካርቱም የተነሳሁት ጎህ ሳይቀድ ነበር። በዚያ ሰዓት እንኳ ወላፈኑ ፊት ይለበልባል። ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ወረቀቱ ስላልደረሰለት እስከ ኤርፖርቱ በር ሸኘኝና «አሜሪካ ስትገቢ መጀመሪያ ብርዱን ጠጪልኝ» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሲያትል ውስጥ ብርድ እየጠጣሁ ነበር። ወገኖቼ፣ የዚህ አገር ዝናብ እንደኛው አጉረምርሞ፣ ወርዶ፣ አባርቶ አይሄድም። «ግባ» ሳይሉት እንደመጣ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያንጠባጥባል።

ያረፍኩት ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ነው፤ ዶሮቲ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት ሥር፣ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ። ወገቧን ስለሚያማት በኪራይ ፈንታ ያርዷን፣ ማለት ጓሮዋን፣ እንድሠራላት ተስማማን። መጋቢት ሲገባ አፈሩ ገና ጭቃ ነው፤ እኔ ግን የአምናውን ቅጠል እጠርጋለሁ፣ የጽጌረዳውን ደረቅ ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ። የጎመን ችግኝም ተከልኩ። በማግስቱ ስወጣ ከችግኙ የተረፈው አገዳው ብቻ!

«ስላግ!» አለች ዶሮቲ በንዴት። ስላግ ማለት ቤቱን ሸጦ የወጣ ቀንድ አውጣ ነው፤ ዛጎል የለውም፣ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፣ ጎመን ካየ አያልፍም።

«መድኃኒቱ ቢራ ነው። በሳህን አድርገሽ አፈሩ ውስጥ ትቀብሪዋለሽ፤ ሊጠጡ ገብተው ይሰጥማሉ።»

እኔ የጴንጤ ልጅ፣ መዝሙር ስለዘመርኩ ተሳድጄ አገሬን ጥዬ የወጣሁት፣ ቢራ ልገዛ ሱቅ ገባሁ! ባለሱቁ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «ፓርቲ ነው?» አለኝ።

«ኖ፣ ቀብር ነው» አልኩት።

በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ሳይደውሉ መጡ። የመጡት በሰለሞን ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስፖንሰር እንድትሆነው እሳቸው መፈረም አለባቸው፤ ከመፈረማቸው በፊት ደግሞ እህቱ እንዴት እንደምትኖር ማየት ፈልገዋል። ያዩትም ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ የቢራ ቆርቆሮ በእጄ ይዤ ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ለኔ አይደለም! ለትሎቹ ነው።»

«ለትሎቹ» አሉ ቀስ ብለው፣ ልክ በሽተኛ እንደሚያባብሉ። «ሶ፣ ትሎቹ ቢራ ይወዳሉ?»

«ይሞቱለታል።»

ዶሮቲ ልታድነኝ ከዘራዋን ይዛ ወጣች። «አልማዝ ጎበዝ ናት!» አለቻቸው። «በየቀኑ ሁለት ቆርቆሮ ትጨርሳለች!»

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰለሞን ነገር አበቃለት አልኩ በሆዴ። ሌላ ምን ላድርግ? ሳህኑን ከአፈሩ ነቅዬ አፍንጫቸው ሥር ደቀንኩላቸው። ሰባት ስላጎች አረፋው ውስጥ ተንጋለዋል።

ጎንበስ ብለው ቆጠሯቸው፤ ደግመው ቆጠሯቸው። ከዚያ ግራ ቀኙን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚሁ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ጓሮዬ ውስጥ ሰላጣ ተክዬ ነበር። አንድ ቅጠል አልቀመስኩም።»

«ቢራ ያድርጉበታ!»

«እኔ? ሽማግሌው? ሱቅ ገብቼ?» ሳህኑን እንደገና አዩት። «አንቺ ግን ሱቁን ለምደሽዋል አይደል?»

ሰኞ የሰለሞን የስፖንሰር ደብዳቤ ተፈረመ። እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ላዩ በመዝሙር ወረቀት የተሸፈነ ከረጢት መኪናቸው ውስጥ አስቀመጥኩ። ጉቦ እንዳይመስላችሁ፤ የግብርና እርዳታ ነው። «ጌታ ይባርክሽ» አሉኝ ጮክ ብለው፣ የቢራ ቆርቆሮዎቹ ኳኳታ እንዳይሰማ።

ሰለሞን ከካርቱም ሲደውል ይህን ሁሉ ነገርኩት። ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ «ወረቀቱ መቼ ይደርሳል አሉሽ?» አለኝ።

«ተራ ጠብቁ ነው የሚሉት።»

ወሬ ለመቀየር «አሁንስ ምን እየተከልሽ ነው?» አለኝ።

«አተር። በሰኔ ይደርሳል። እሸቱን ሳልነካ አቆይልሃለሁ።»

«አይ አልሚ» አለ፣ «አተር እኮ ይደርቃል። ሲደርስ ብይው።»

እምቢ ልለው ስል መስመሩ ተቋረጠ።