ከቆሻሻ መጣያው በር የተሰበሰበ ፊርማ

አለፈ! በመቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ለአርባ ስድስት አለፈ! ደስታው የዊልማ ቶርንዳይክ ነው፤ እዚህ ኒው ሃምፕሻየር መንደራችን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ስታድል ኖራ ጡረታ የወጣችው።

ምርጫ በመጣ ቁጥር በየቤቱ የምታድለው ደብዳቤ ሳይሆን ስድብ ነበር፤ ማን እንደከፈለበት የማይታወቅ፣ ተወዳዳሪዎችን የሚያጥላላ፣ የሚያብረቀርቅ የውሸት ወረቀት። "እጄን ብታጠብም አይለቀኝም፤ ያቅለሸልሸኛል" ትለኝ ነበር። ጡረታ እንደወጣች፣ ለምርጫ የሚፈሰው ገንዘብ እንዲገደብ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ይሻሻል ብሎ መንደሩ ሕግ አውጪዎችን እንዲጠይቅ ጥያቄ አዘጋጅታ፣ ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሻሻ መጣያው በር ላይ በብርድ ቆማ፣ ጥያቄዋ ለመንደሩ ስብሰባ እንዲቀርብ ፊርማ ሰበሰበች። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ራሱ ጭኖ የሚመጣው እዚያ ነዋ!

ዛሬ ጠዋት በመንደሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ጥያቄዋ ሲነበብ ግን እንጨት ነጋዴው ሃርላን ተነሣ።

"እትዬ ዊልማ፣ መንገዳችን በጭቃ ተውጦ አንቺ ሕገ መንግሥት ትያለሽ? ይህ ይቅር!"

አዳራሹ ሣቀ። የክረምቱ ድካም ገደል ገባ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አንተ ሃርላን፣ ባለፈው ጥቅምት ለምርጫው የመጣልህን ወረቀት ምን አደረግኸው?" አለችው።

"ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አልነድ ብሎ ቤቱን አገማው።"

"እሳት የተጸየፈውን ነው እንግዲህ በየምርጫው የሚያጎርሱህ!"

ሃርላን ቀላ። "ኤዲያ! እውነቷን ነው፣ ያስጠላል" አለና የድምፅ መስጫ ካርዱን ከሁሉ ቀድሞ አነሣ።

የዊልማ እህት ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታለች። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልንገራት፤ ሄድኩ!