ከጫማ ካርቶን የወጣው መድኃኒት

ጥፋቱ የኔ የወሬኛዋ ነው። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ከወዳደቀ ወረቀትና ከስልኬ ላይ እያነበብኩ ያገኘሁት ነው። ያነበብኩትን ደግሞ ለሰው ሳልነግር አላድርም።

እናቴን ጨጓራ ካሠቃያት ቆይቷል። ቀራንዮ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ከመጣች ወዲህ ምግብ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ስለ ሲሊካ አነበብኩላት፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ነገር በገብስና በአጃም እንደሚገኝ፣ ለአጥንትና ለጥፍር ይረዳል እንደሚባል፣ ለጨጓራ ብለው የሚጠጡትም እንዳሉ።

«እና የት ይሸጣል?» አለችኝ።

«እኛ ቤት ሞልቶ!» ብዬ ሳቅኩ። ባለቤቴ ጫማ ነጋዴ ነው። በየካርቶኑ እርጥበት እንድትመጥ የምትደረግ ትንሽ ከረጢት አለች፤ አንዷን አንስቼ የእንግሊዝኛውን ፊደል እየቆጠርኩ «ሲ-ሊ-ካ» አልኳት። ከሥሩ «አትብሉ» የሚለውን አላነበብኩላትም። ማን ይበላዋል ብዬ?

ከዚያ ወዲያ ከረጢቶቹን ትለቅም ጀመር። በክረምት ፎቶና ወረቀት እንዳይሻግት አብረን ስለምናስቀምጣቸው ለዚያ መሰለኝ። ደግሞ ተሻላት! ገንፎ አምሮኛል ብላ በላች። ጌታን አመሰገንኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ፍራሿን ሳነሳ የተቀደዱ ከረጢቶች አገኘሁ።

«እማዬ፣ ውስጡ የነበረው ፍሬ የት ሄደ?»

«ዋጥኩታ። ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ማንኪያ።»

«ኢየሱስ! ይሄ እኮ የጫማ ነው!»

«የጫማን ውኃ የሚጠጣ የኔን ቃር አይጠጣም? አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ?»

እየበረርኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከረጢቱን አገላብጦ ፈገግ አለ። «ማዘር፣ ይሄ ብዙውን ጊዜ እንደገባ ይወጣል። ግን እንዳይደግሙት።» ከዚያ ሆዷን ጫን ሲያደርገው ጮኸች። ፈገግታው ጠፋ። ሕመሟ ሌላ ሳይሆን እንደማይቀር፣ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ መታየት እንዳለባት ነግሮን ለሆስፒታል ሪፈር ጻፈ።

ቤት ስንደርስ ከረጢቶቹን ለቃቅሜ ጣልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንፎውንም ተወች።

«ያሻለኝን ጥለሽ ሽቦ ልታስውጪኝ?»

«እማዬ፣ ሳይታይ እኮ አይታወቅም።»

«አልሄድም ብያለሁ።»

የአጃ አጥሚት ሠርቼ፣ «ይሄም ሲሊካ አለው» አልኳት። ሁለቴ ፉት ብላ ኩባያውን መለሰችልኝ። ፓስተራችን መጥተው ጸለዩላት፣ ለመኗትም፤ አሜን ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቀሚሷ በየቀኑ እየሰፋት ነው።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ካርቶን ሲከፍት የእናቴ ዐይን እጁን ሲከተል አየሁ። እሱ ሲወጣ አንዷን ከረጢት ቀሚሴ ኪስ ከተትኩ። ሐኪሙ እንደገባ ይወጣል ብሎ የለ? ይህችን ብሰጣት ሆስፒታል እሺ ትለኝ ይሆን? ወይስ ደግሞ ተሻለኝ ብላ ጭራሽ መሄዱን ትተውብኝ? የሪፈሩ ወረቀትም እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። እሷ ትጠራኛለች፤ እኔ ጓዳ ቆሜያለሁ።