የአባይነሽ ልጅ ለፈተና የዘፈነች ቀን

አሰላ ውስጥ አባይነሽ ወልደ ሚካኤልን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ገና ሰው ያልሞተበት መሆን አለበት። ሙሾ አውራጅ ነበረች። ከኢተያ እስከ ሮቤ ደህና ሰው ሲሞት በቅሎ ተጭኖ የምትጠራው እሷ ነበረች፤ ኋላ ኋላ ደግሞ መኪና ይላክላት ጀመር። ድንኳኑ መሀል ቆማ የሟቹን አባት፣ የሟቹን ደግነት፣ ያላደረገውን ጀግንነት ሳይቀር በግጥም እያነሳች ስታወርድ፣ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረ ዘመድ እንኳ ደረቱን እየደቃ ያለቅስ ነበር።

እንዲህ አድርጎ የሚፈልጋት ከተማ ታዲያ ደስ ባለው ቀን አያውቃትም። ሰርግ አትጠራም። ሙሽራ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆማ ከተገኘች ሚዜዎቹ ፊታቸውን ያጠቁሩባታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የታመመ ሰው መጠየቅ አለመቻሏ ነበር። አንድ ጊዜ ከማዶ ያለችው አሰፋች ታማ አጥሚት ይዛላት ብትሄድ፣ የበሽተኛዋ እናት በሩ ላይ ቆማ እቃውን ተቀበለቻትና “ገና ናት፣ ገና ናት” እያለች በመጣችበት መለሰቻት። ሰው አጥሚት ይዞ ሲመጣ እንዲህ ይባላል? ከዚያ ወዲህ ለታመመ የምትልከውን ሁሉ በዙቤዳ እጅ አደረገችው።

ዙቤዳ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ገበያ ቅቤ ትነግዳለች፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያፈራረቀች ታወራለች፣ ሟርት የሚባል ነገር አትፈራም። አባይነሽ ወዳጅ አላት ከተባለ እሷ ብቻ ነበረች።

አባይነሽ ይህን ሥራ ፈልጋ አልያዘችውም። ባሏ ገብረወልድ እህል ነጋዴ ነበር፤ ወደ አቦምሳ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከእሱ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብረዋል። በባሏ ለቅሶ ላይ አፏን ስትከፍት የወጣው ነገር ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ የሦስቱን ሞት ባንድ ላይ ስታወርደው ሰውን ሁሉ አንገበገበችው። ወር ሳይሞላ አንድ ባለርስት እናቱ ሞታበት አስጠራት። እምቢ እንዳትል በጀርባዋ ልጅ ነበረች። ሁለቱ ከሞቱ በኋላ የተወለደች ስለሆነች አልጣሽ ብለዋታል። አባይነሽ ይህችን ልጅ አዝላ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ዞረች፤ አልጣሽም ሌላው ልጅ በእሹሩሩ እንደሚተኛ በሙሾ እየተኛች አደገች።

ነፍስ ስታውቅ ግን እናቷ ከለቅሶ አራቀቻት። ተማሪ ቤት አስገባቻት። ሙሾ ቤት ውስጥ እንዳታንጎራጉር ከለከለቻት፤ እኔ በሞት እንጀራ በልቼአለሁ፣ አንቺ አትበዪም አለቻት። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሽማግሌ ሊልክባት አስቦ ነበር። እናቱ ሰማችና ከዚያ ቤት ሙሽራ ሲወጣ ሰው ምን ይላል ብላ አስቀረችው። አልጣሽ ይህን ስትሰማ እንስራዋን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። አባይነሽ ግን ሌሊቱን ሁሉ ስትገላበጥ አደረች፤ ስሟ ልጇ ላይ ተላልፎ ማየት ከሞት የባሰ ሆነባት።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ አንድ የሙዚቃ ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ። ካሚዮን ላይ የድምፅ ማጉያ አስረው ከተማውን እየዞሩ፣ ድምፅ ያለው ሁሉ ቅዳሜ አዳራሽ ቀርቦ እንዲፈተን፣ ያለፈም አብሯቸው ሄዶ እንደሚቀጠር ለፈፉ። አልጣሽ ልፈተን ነው አለች። ሌላ እናት ብትሆን ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው ብላ ፀጉሯን ትነጭ ነበር። አባይነሽ እልል ማለት ቀራት። አዲስ አበባ የማን ልጅ እንደሆነች ማን ያውቃል? ዘፋኝ ሆና ሰርግ ላይ ትቆማለች፤ ሰው ሲያያት ይስቃል። ይህ በር ከተዘጋ ሌላ በር እንደሌለ እናትም ልጅም ያውቁታል።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ አቶ ኃይለየሱስ የሚባል ቀጭን ሰው አኮርዲዮን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ አጃቢውም ፈታኙም እሱ ነው። አባይነሽና ዙቤዳ መሀል አካባቢ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ሰው ከአባይነሽ ትንሽ ሸሸት አለ፤ ቦታው ሲጠብ ግን እየተጠጋ መጣ።

ቀድሞ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ፀጉሩን በቅባት አስተኝቷል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። አባይነሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና ይህ ሰው የሚዘፍነው ለመስታወቱ ነው አለች። ዙቤዳ ሳቀች። ቀጥሎ አንድ ፖሊስ አዳራሹን የሚያናጋ ድምፅ ይዞ ተነሳ፤ አባይነሽ ገና በመጀመሪያው ስንኝ፣ ትንፋሹን እንደ ደመወዝ ባንድ ቀን ጨረሰው፣ እስከ ወር መጨረሻ ሊበደር ነው አለች። እንዳለችውም ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አሁን ከኋላቸው የተቀመጡትም ሳቁ። አንድ ዲያቆን የፍቅር ዘፈን ይዞ ወጥቶ ማሕሌት አስመስሎ ሲጎትተው፣ እስኪያልቅ ድረስ ልጅቷ ሌላ ታገባበታለች ስትል ሳቁ መድረኩ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ከሮቤ የመጣ ከዲሮ የሚባል ልብስ ሰፊ ዘፈነ። አባይነሽ ዝም ብላ ሰማችው። ይህን ይወስዱታል፣ ድምፁን አይጎትተውም፣ ዘፈኑ ራሱ እየመራው ይሄዳል አለች። እንዲህ ሲሆን ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ እሷ ዞረዋል። በመንገድ ሲያገኟት ሰላምታ የማይሰጧት ሴቶች አንዱ ወርዶ ሌላው በወጣ ቁጥር “ይቺስ? ይሄስ?” እያሉ ይጠይቋታል። አባይነሽ በደስታ ቀን መሀከላቸው ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ጉንጮቿ ቀልተው የልጅነት መልኳ መጣ።

አልጣሽ ተጠራች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ዙቤዳ ያዋሰቻትን ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። ዙቤዳ የአባይነሽን እጅ ያዘች። አኮርዲዮኑ ፈጠን ያለ ዜማ ጀመረ፤ ልጅቷም የራሷን ግጥም ገባችበት፦

ናና ከስንዴው ዳር፣ ናና ከኢተያ፤
ልቤን ጥያለሁኝ ቅዳሜ ገበያ።

ድምፁ ያለ ምንም ጭንቅ ወጣ። አባይነሽ ግን ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ ከሰው ሁሉ ቀድማ ነገሩን ሰማችው። ሙሾ አውራጅ ስንኙን ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ ታደርግና ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ የለቀስተኛው ናት፤ “ወዮ” የሚባልባት፣ ደረት የሚመታባት ቦታ ናት። ማንም ለልጅቷ አላስተማራትም። ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና የሰማችው ሁሉ ግን እንደዚያ ነበር፤ ዘፈን ማለት ያ ዝምታ ያለበት ነገር መሰላት። ስንኙን ጨረሰች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ዝም አለች። አኮርዲዮኑ ጥሏት ሄደ።

ከኋላ በኩል አንዲት ሴት “ወይኔ ልጄን” አለች።

አልጣሽ ደንግጣ ቀጠለች። እንደገና “ናና” ስትል ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሁሉ የራሱን ሟች እየጠራችለት መሰለው። የዚያች ከተማ ሰው አባቱንም እናቱንም ያለቀሰው በዚህ ድምፅ ነው፤ ይህ ድምፅ የእናቷም ሆነ የሷ፣ ለጆሮው አንድ ነበር። ሁለተኛው ዝምታ ሲመጣ ሴቶቹ ሞሉት። ሲስቁ የነበሩት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ፊታቸው አወጡ፤ ማድረጋቸውን እንኳ ያወቁ አልመሰሉም። ፖሊሱ በቆቡ ፊቱን ሸፈነ። “ያ ረቢ” አለች ዙቤዳ ቀስ ብላ።

አቶ ኃይለየሱስ አኮርዲዮኑን አቆመ። የእሱም ዓይን እርጥብ ነበር። እንደገና ሞክሪው፣ አሁን ሳትቆሚ ተከተይኝ አላት። አልጣሽ ሞከረች። ልጅቷ ስትሮጥ ድምፁ ይጠፋል፣ ድምፁ ሲመጣ ያ ዝምታ አብሮ ይመጣል። አዳራሹም አንዴ ማልቀስ ከጀመረ ማን ያቁመው?

አባይነሽ ሰው እየረገጠች ወደ መድረኩ ሄደች። ከፈታኙ ፊት ቆማ ነጠላዋን አገለደመች።

“ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለችው። “ከጀርባዬ ላይ ሆና የለመደችው ነው። ይውሰዷትና ከእኔ ትራቅ፤ ይለቃታል። ስንኝ ሲያልቅ አትቁሚ የሚላት ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።”

“እናቴ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ በዞርኩበት አገር ሁሉ አልሰማሁም” አላት። “እኔ የምፈልገው ግን ሰው የሚጨፍርበት ነው። ይህችን ልጅ ሰርግ ላይ ባቆማት ሙሽራዋ ታለቅሳለች።”

“እግርዎ ላይ ልውደቅ?” አለችው አባይነሽ፤ መልስ ሳትጠብቅም ወደቀች። አነሷት። አልጣሽ መድረኩ ላይ ሆና እናቷ ስትነሳ አየች፤ ቀዩን ሻርፕ ከአንገቷ ፈታች። ካሚዮኑ ማታውኑ ከዲሮን ጭኖ ሄደ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማለዳ በራቸው ተንኳኳ። የፊታውራሪ ገብረ መድህን ቤት አገልጋይ ናት፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነክቷታል። ፊታውራሪ ሌሊት ማረፋቸውን ተናገረች። አባይነሽ እንደ ልማዷ ጥቁር ቀሚሷን ከተሰቀለበት አወረደችና መጣሁ በያቸው አለቻት። አገልጋይቱ ግን አልሄደችም፤ መሬት መሬት ታያለች።

“እርስዎን አይደለም ያሉት” አለች። “ልጅቷን ነው። ምራታቸው ቅዳሜ አዳራሽ ነበሩ።”

አባይነሽ ቀሚሱን እንደያዘች ቀረች። “ልጄ ሙሾ አታወርድም” አለች። “ተሳስተዋል በያቸው። እሷ ለዘፈን ነው የተፈተነችው። እኔ እመጣለሁ፤ ምንም ሳይሰጡኝ እመጣለሁ በያቸው።”

አልጣሽ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ፊቷ ጋ ነው። እናቷን አላየቻትም፤ አገልጋይቱን ነበር ያናገረችው።

“የፈረሳቸው ስም ማን ነው?”

ይህን ጥያቄ አባይነሽ ራሷ በየደጃፉ ስንት ዘመን ጠይቃዋለች። ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ካልተጠራ ሙሾው ሙሾ አይባልም፤ ስሙን ሳታውቅ ድንኳን መሀል የቆመች አልቃሽ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ይሳቅባታል፣ ሁለተኛ የሚጠራትም የለም። አገልጋይቱ ከአቦምሳ ከመጣች ገና መሆኗን፣ የፈረሱን ስምም እንደማታውቅ ተናገረች። አልጣሽ “ይሁን” ብላ ወደ በሩ ሄደች።

አባይነሽ ስሙን ታውቀዋለች። የፊታውራሪን አባት ያለቀሰችም እሷ ናት። አሁን ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዝም ካለች ልጅቷ ድንኳኑ መሀል ቆማ ታፍራለች፣ በዚያው ይተዋታል፣ ነገሩም ዛሬውኑ ያበቃል። ይህን አሰበችው፤ ፈለገችውም። ግን ያቺው ልጅ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሻርፗን ስትፈታ አይታታለች። ያንን ደግማ ማየት አልቻለችም።

“አባ ይርጋ” አለች።

አልጣሽ ደጃፉ ላይ ቆመች።

“አባ ይርጋ ነው። መጀመሪያ ታናሽ ወንድማቸውን አንሺ፤ በጠላት ጊዜ ቀድሞ ሞቷል። ልጃቸውን ከዚያ በኋላ።” አለቻት።

አልጣሽ ስሙን በከንፈሯ ደገመችው። ከዚያ አገልጋይቱን ተከትላ በጭቃው ወረደች። የፊታውራሪ ግቢ ሩቅ አልነበረም። ዙቤዳ ነገሩን ከግድግዳው ወዲያ ሰምታ ኖሮ መጣች፤ ደጃፉ ላይ ከአባይነሽ ጎን ተቀመጠች። ጥቂት እንደቆዩ ድምፁ ከታች ወደ እነሱ መጣ። ስንኙ አለቀ፤ ዝምታው ሆነ፤ ዝምታውን የሞላው ጩኸት ጭላሎ ተራራ ድረስ የሚደርስ መሰለ።

አባይነሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ነበር።

“ከእኔ ትበልጣለች” አለች ለዙቤዳ። “ከእንግዲህ አይለቋትም።”