ለሌላ የተያዘ ዓሣ

የውሃ ማጣሪያው ዘበኛ በወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ሁልጊዜ የሚቀመጠው ግራ ጫፉ ላይ ነው። የካፖርቱ አንድ ቁልፍ ወልቆ ቦታውን በመርፌ ቁልፍ ይዞታል። እኔ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ፊት ለፊታችን ቅርንጫፍ ላይ ያረፈውን፣ ከጡጫ የማይበልጥ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ እናያለን።

ወፉ ውሃው ውስጥ ተወርውሮ ዓሣ ይዞ ተመለሰ። እስኪዝል ድረስ ከቅርንጫፉ ጋር አጋጨው።

«አሁን ልብ ብለህ እይ፣» አለኝ ዘበኛው። «ለራሱ ከሆነ የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ጉሮሮው ያዞራል። ለሚስቱ ከሆነ ወደ ውጭ! በጭንቅላቱ በኩል ካልዋጠችው የዓሣው ክንፍ ጉሮሮዋን ይወጋታላ።»

እንዴት ደስ ይላል! ዓሣው የዞረበትን አቅጣጫ ብቻ አይቶ፣ ወፉ የሚያበላው እንዳለው ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። የዛሬው ወደ ውጭ ነበር።

«ታዲያ ሚስቱ የታለች፣ ጋሼ?»

«ካየኋት ሦስት ቀኔ። የኔዋስ? ለሥራ ባሕር ከተሻገረች አራት ዓመቷ! በስልክ መጣሁ፣ መጣሁ ትለኛለች፤» ብሎ ሳቀ።

ከፔርሙሱ ሁለት ኩባያ ሻይ ቀዳ። የእኔ መስሎኝ እጄን ብዘረጋ፣ «ቆይ ልጄ፣ ያንተ በክዳኑ ነው፤» አለኝ። ሁለተኛውን ኩባያ ወንበሩ መሀል አስቀምጦ እጀታውን ወደ ባዶው ጫፍ አዞረው።

ወፉ ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ዓሣውን ወደ ራሱ አዙሮ ዋጠው።

ዘበኛው የራሱን ሻይ ጨረሰ። ሁለተኛውን ግን አልነካውም፤ እጀታው እንደዞረ ቀዘቀዘ።