ግብር ሰብሳቢውና እንስራዬ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ባሌ የሞተብኝ ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ልደታ ላለችኝ አንዲት ጎጆ ግብር ክፈይ ብሎ፣ ለጣሊያን ያደረ ያገሬ ሰው፣ ጸሐፊ፣ ደጄ መጥቶ ቆመ። ከፈልኩና ደረሰኙን ስቀበል አፌ አላርፍ አለኝ።

«ለመሆኑ ገንዘቤ ምን ይሠራል?»

«ቧንቧ ይገባልሻል» አለኝ።

«እስኪገባስ ውሃ ማን ይቀዳልኛል፣ አንተ?»

ላናድደው ብዬ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ገባና ጥግ ያለውን እንስራ አነሳ። ወንድ ልጅ፣ ያውም የጣሊያን ቆብ ያደረገ፣ እንስራ አዝሎ ከወንዝ ሲወጣ አስቡት! ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። «በልደታ ማርያም ይዤሃለሁ፣ አስቀምጠው!» ብለውም አልሰማኝ። በማግስቱም መጣ፤ በሳልስቱም።

ጣሊያን ከከተማ በወጣ ማግስት በሬን ስከፍት፣ ቆቡን ጥሎ ራሱን ገልጦ ቆሟል።

«ጌቶችህ ሄዱ እኮ! ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰበስብ መጣህ?»

«ቧንቧው አልገባማ» አለና እንስራውን አነሳ።

ቧንቧው ከገባ ስንት ዘመኑ። ሰውዬው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።